የእሑድ ጠዋት ሂሳብ



ቅዳሜ ቢዘገይ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ የመንግሥት መጠጥ መደብር የሆነው የሲስተምቦላገት በሮች በመላው ስዊድን ይዘጋሉ። ከስቶክሆልሙ የብሬዴንግ ሰፈር ተነሥቶ በምድር ባቡሩ ቀይ መስመር ሴትራን አልፎ ሼርሆልመን የሚወርድ ሰው ከዚያ በፊት ካልደረሰ፣ ለቤቱ ጠንካራ ቢራም ሆነ ወይን የሚገዛው ሰኞ ነው። እሑድ ጭራሽ የለም። ዕድሜው 20 ያልሞላም አይስተናገድም። በየሱፐርማርኬቱ መደርደሪያ ላይ የሚገኘው ከ3.5 በመቶ የማይበልጥ ቀላል ቢራ ብቻ ነው። በየመንደሩ ግሮሰሪ ለለመደ የአዲስ አበባ ሰው ይህ መጀመሪያ ላይ ቀልድ ይመስለዋል፤ ቆይቶ ያበሳጨዋል፤ በመጨረሻ እንደ ማንኛውም ስዊድናዊ ዓርብ ማታ መሰለፍ ይለምዳል።

ስዊድኖች እዚህ የደረሱት በአንድ ቀን አይደለም። ኢቫን ብራት የሚባል ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1914 በስቶክሆልም የጀመረው አሠራር ጥቂት ዓመት ሳይቆይ አገሩን ሁሉ አዳረሰ። እያንዳንዱ ገዢ የመጠጥ ደብተር ይያዝ፣ የወሰደው አልኮል እየተጻፈበት ይሂድ የሚል ነበር። ደብተሩ ለሁሉም እኩል አልተሰጠም፤ ባለትዳር ሴት ጨርሶ አታገኝም ነበር፣ ባሏ ካመጣው ትቅመስ ተብሎ ነው። በ1922 መጠጥ ፈጽሞ ይከልከል ወይስ አይከልከል ተብሎ ሕዝበ ውሳኔ ተደረገ። 51 በመቶው አይከልከል ብሎ እገዳው ለጥቂት ቀረ። ደብተሩ ራሱ የተሻረው በ1955 ሲሆን በቦታው የዛሬው ሲስተምቦላገት ያን ጊዜ ተተካ።

አንድ ዓመት በተለይ ብሬዴንግን ይመለከታል፤ 1965። የምድር ባቡሩ እዚህ ሰፈር የደረሰው በዚያ ዓመት ነው። በዚያው ዓመት መንግሥት 4.5 በመቶ አልኮል ያለው መካከለኛ ቢራ በተራ ምግብ መደብር እንዲሸጥ ፈቀደ። የታሰበው ሕዝቡ ከጠንካራው አረቄ ወደ ቀላሉ ቢራ ይዞራል ተብሎ ነበር። ሆኖም ሰው የድሮውን ሳይተው አዲሱን ጨመረበት፣ ወጣቱም በቢራው ጀመረ። ከ12 ዓመት በኋላ በ1977 ቢራው ከመደብሮቹ ተነሣ። ቀለል ያለ መጠጥ ጉዳት የሚቀንሰው በከባዱ ምትክ ሲገባ ብቻ መሆኑን ስዊድኖች የተማሩት እንዲህ ከስረው ነው።

ታዲያ በየሠርጉና በየክርስትናው የሚነሣው ጥያቄ፣ «ለመሆኑ የትኛው መጠጥ ይሻላል?» የሚለው፣ አጭር መልስ አለው። የዓለም ጤና ድርጅት የአውሮፓ ቢሮ በጥር 2023 ከጉዳት ነጻ የሆነ የአልኮል መጠን የለም ብሏል። አልኮል በድርጅቱ የካንሰር ምርምር ተቋም ካንሰር አምጪ ተብሎ ከተመዘገበ ከ1988 ወዲህ ብዙ ዘመን አልፏል። የተሻለ የሚባለው እንግዲህ ጥቂት ግራም አልኮል የያዘው ነው። ወይን ይሁን ቢራ፣ ውድ ይሁን ርካሽ፣ ጉበት የጠርሙሱን ጽሑፍ አያነብም።

ግራሙን መቁጠሪያ ስዊድኖች አንድ መለኪያ አላቸው። መደበኛ ብርጭቆ ይሉታል፣ 12 ግራም አልኮል ነው። 33 ሴንቲሊትር ጠንካራ ቢራ፣ ወይም አንድ አነስተኛ ብርጭቆ ወይን፣ ወይም 4 ሴንቲሊትር ውስኪ አንድ አንድ ብርጭቆ ሆኖ ይቆጠራል። የአገሪቱ የጤናና ማኅበራዊ ጉዳይ ባለሥልጣን ከ2023 ጀምሮ በሳምንት 10 እና ከዚያ በላይ መደበኛ ብርጭቆ መጠጣትን፣ ወይም በአንድ ጊዜ 4 እና ከዚያ በላይ በወር አንዴም ቢሆን መጠጣትን ለጤና አስጊ ይለዋል። አራት ብርጭቆ በአንድ ምሽት! ብዙ የሐበሻ ሠርግ ገና ሙሽሮቹ ሳይገቡ እዚያ ይደርሳል።

የሐበሻ ድግስ ችግር ግን ከመጠኑ ይልቅ አለመቆጠሩ ነው። ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ ይባላል፤ ብርሌም መለኪያ መሆኑ ነበር። አሳላፊው ግን ብርሌው ሳይጎድል ደርሶ ይሞላዋል። «በሞቴ፣ ጋሼ፣ ይቺን ብቻ!» ሲል እምቢ ማለት ደግሞ ነውር ነው። እንግዳው አንድ ብርሌ ይዞ ያመሸ ይመስለዋል፤ በእውነቱ ያ ብርሌ አራት ጊዜ ተሞልቷል። ሳይጎድል መሙላት የደግ ቤት ምልክት ነው፣ ይህን የሚነቅፍ የለም። ለመቁጠር ግን ከዚህ የባሰ ጠላት አይገኝም። መላው ቀላል ነው፤ ጠጪው ብርሌውን ጨርሶ ባዶውን እስኪያስቀምጥ ድረስ አሳላፊው ይታገሥ፣ ጠጪውም የብርሌውን አፍ በእጁ ይክደን።

ቁጥሩ ይህን ይመስላል። ደረቅ ጠጅ 10 በመቶ ያህል አልኮል አለው እንበል። ሦስት ዴሲሊትር የሚይዝ አንድ ብርሌ ወደ 24 ግራም፣ ማለትም ሁለት መደበኛ ብርጭቆ ይሆናል። ጠላ እንደ ጠማቂው ይለያያል፣ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 6 በመቶ ይደርሳል። አምስት በመቶ የሆነ ፊልተር ጠላ ግማሽ ሊትር ሲጠጣ ከአንድ ተኩል ብርጭቆ ያልፋል። 45 በመቶ የሆነች አረቄ በአንዲት መለኪያ፣ በ4 ሴንቲሊትር፣ 14 ግራም ትይዛለች፤ እሷ ብቻዋን ከአንድ መደበኛ ብርጭቆ በላይ ናት።

እዚህ ላይ ቤት ውስጥ ጠጅ የሚጥል ሰው ከሲስተምቦላገት የሚበልጥበት ነገር አለ፤ ጥንካሬውን የሚወስነው የራሱ እጅ ነው። አንድ ኪሎ ማር ውስጥ 800 ግራም ያህል ስኳር አለ። በአንድ ሊትር ፈሳሽ ውስጥ 17 ግራም ገደማ ስኳር ተብላልቶ ሲያልቅ 1 በመቶ አልኮል ይወጣዋል። ስለዚህ አንድ ኪሎ ማር በ3 ሊትር ውሃ ተበጥብጦ ፈልቶ ከደረቀ ወደ 13 በመቶ ይጠጋል። ውሃው 4 ሊትር ሲሆን 10 በመቶ፣ 6 ሊትር ሲሆን 7 በመቶ ይሆናል። ጌሾው አንድ፣ ቀለሙ አንድ፣ ብርሌው አንድ፤ በማግሥቱ የሚኖረው ራስ ምታት ግን የተለያየ። ዝም ብሎ ውሃ መጨመር ጠጁን ያሳሳዋል የሚሉ እትዬዎች ልክ ናቸው፣ ጣዕሙ ይቀጥናል። ለዘመድ ጉባኤ ግን 7 በመቶ ጠጅ ማቅረብ ነውር የለውም፤ ከጎኑ ለአሽከርካሪውና ለነፍሰ ጡሯ ገና ያልፈላ ብርዝ ይቀመጥ። ቃሪቦ የለመደ ቤት ካለም እሰየው። የስኳር ጠጅ ራስ ያፈርሳል የሚባለውም ስኳሩ መርዝ ሆኖ አይደለም፤ ጣፋጩ አልኮሉን ስለሚደብቀውና ጠጪው ሳይታወቀው ስለሚደግም ነው።

ሕጉንም ማወቅ ደግ ነው። በስዊድን ለራስ ፍጆታ በቤት ጠላ መጥመቅና ጠጅ መጣል ይፈቀዳል፣ መሸጥ ግን አይቻልም። አረቄ ማውጣት በማንኛውም መጠን የተከለከለ ነው፤ ማውጫ ዕቃውን ይዞ መገኘትም ያስከስሳል።

ወደ ማግሥቱ እንሻገር። ኤሪክ ዊድማርክ የሚባል የሉንድ ዩኒቨርሲቲ ሊቅ ከመቶ ዓመት ገደማ በፊት በደም ውስጥ ያለ አልኮልን ማስላት የሚያስችል ቀመር ሠርቷል፤ ዛሬም በዓለም ፍርድ ቤቶች ይሠራበታል። ሰውነት በሰዓት በአማካይ 0.15 ፕሮሚል፣ ማለትም ከሺህ እጅ 0.15 ያህል፣ ያቃጥላል። ቡና ቢጠጣ፣ ቀዝቃዛ ሻወር ቢወሰድ፣ ሳውና ውስጥ ቢላብ ይህ ፍጥነት አይጨምርም። የስዊድን ሕግ ለአሽከርካሪ የፈቀደው ጣሪያ ደግሞ 0.2 ፕሮሚል ነው፤ ከዚያ በላይ እስከ ስድስት ወር እስር ያስከትላል፣ 1.0 ሲደርስ ቅጣቱ እስከ ሁለት ዓመት ይከብዳል።

75 ኪሎ የሚመዝን አንድ ወንድ ቅዳሜ ማታ ከ2 ሰዓት ጀምሮ አራት ብርሌ ደረቅ ጠጅ ጠጣ እንበል። በቀመሩ መሠረት የወሰደው ሁሉ ወደ 1.9 ፕሮሚል የሚያደርስ ነው። ከ0.2 በታች የሚወርደው እሑድ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ገደማ ነው። ያውም በአማካይ፤ ጉበቱ ቀስ ብሎ በሰዓት 0.1 ብቻ የሚያቃጥል ከሆነ እኩለ ቀን ያልፋል። 60 ኪሎ የምትመዝን ሴት ያንኑ አራት ብርሌ ብትጠጣ፣ ሰውነቷ ውስጥ ያለው ውሃ ስለሚያንስ አልኮሉ ይበረታባታል፤ ከ0.2 በታች የምትወርደው እሑድ ከቀኑ 8 ሰዓት አካባቢ ነው። በስቶክሆልም አውቶቡስና ታክሲ ይዘው የሚያድሩ ሐበሾች ብዙ ናቸው። ጠዋት 11 ሰዓት ተኩል ላይ ፈረቃ የሚገባ ሾፌር ተኝቶ ስለተነሣ ብቻ ንጹሕ ነኝ ብሎ ሲነሣ፣ ትንፋሽ ሳይለካ የማይነሣ ሞተር ያለው አውቶቡስ ያሳፍረዋል። የባሰው ግን ሞተሩ ባይጠይቀው ነው።

ሀንጎቨር የሚባለው ሕመም ራሱ የሚበረታው አልኮሉ ከደም ሊጠፋ ሲቃረብ ነው። አልኮል ኩላሊት ውሃ እንዲይዝ የሚያዘውን ሆርሞን ስለሚገታ ሰው ከጠጣው በላይ ይሸናል፤ ጨጓራ ይቆጣል፤ የደም ስኳር ይወርዳል፤ እንቅልፉ ቶሎ ቢወስድም ከሌሊቱ አጋማሽ በኋላ ይቆራረጣል። ጉበት አልኮሉን ሲሰብረው መጀመሪያ የሚወጣው አሴታልዴሃይድ ደግሞ ራሱ መርዝ ነው። የዚህ መርዝ ኃይል በድንገት የታወቀው በጎረቤት ዴንማርክ ነው። ሁለት የኮፐንሃገን ተመራማሪዎች፣ ኤሪክ ያኮብሰንና ዬንስ ሃልድ፣ በ1940ዎቹ የሆድ ትል መድኃኒት ይሆናል ብለው የሚሞክሩትን ዱቄት ራሳቸው ዋጡት። ከዚያ ጥቂት መጠጥ ሲቀምሱ ፊታቸው ቀላ፣ ልባቸው ደለቀ፣ አቅለሸለሻቸው። ዱቄቱ የአሴታልዴሃይድን መውጫ ዘግቶት ነበር። አንታቡስ የሚባለው መጠጥ የሚያስተወው መድኃኒት ከዚያ መጣ። ኮሶ ጠጥቶ የሚያውቅ ሰው የትል መድኃኒት ጠጪን ሲቀጣ ቢሰማ ብዙም አይደንቀው ይሆናል።

«ጥቁሩ ያማል፣ ነጩ አያምም» የሚለው ወሬ ከፊሉ እውነት ነው። ዳማሪስ ሮዝናው የምትመራው የአሜሪካ የምርምር ቡድን በ2010 ባሳተመው ጥናት 95 ወጣቶችን አንድ ምሽት ቡርቦን ውስኪ ወይም ቮድካ አጠጣ። ቡርቦን ከቮድካ 37 እጥፍ የሚበልጥ የመፍላት ትራፊ ኬሚካል አለው። ቡርቦን የጠጡት በማግሥቱ ሕመሙ ጠናባቸው። በትኩረትና በፍጥነት ፈተና ግን ሁለቱም ወገኖች እኩል ወደቁ። ነጭ መጠጥ ራስ ምታቱን ቢቀንስ እንኳ ሰውየውን መኪና እንዲይዝ አላበቃውም ማለት ነው። ቢራ አስቀድሞ ወይን ማስከተል ይሻላል የሚለውንም በ2019 የጀርመንና የእንግሊዝ ተመራማሪዎች በ90 ሰዎች ሞክረውታል፤ ቅደም ተከተሉ ምንም ለውጥ አላመጣም። ሀንጎቨሩን የተነበየው ሰውየው ምን ያህል ሰክሬያለሁ ማለቱና ማስመለሱ ነበር።

ፈውሱስ? ሳይንሱ እዚህ ላይ ቆጥቋጣ ነው። የለንደኑ ኪንግስ ኮሌጅ ተመራማሪዎች በ2022 በሀንጎቨር መድኃኒቶች ላይ የተደረጉ 21 ጥናቶችን ሰብስበው ሲመረምሩ አጥጋቢ ማስረጃ ያለው አንድም አላገኙም። በዚያው ዓመት ሚርክል የሚባል የስዊድን እንክብል በእንግሊዝ ገበያ በብዙ ጩኸት ወጣ፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ አብዛኛውን አልኮል ይሰብራል ተባለለት። መሠረቱ በአምራቹ ወጪ በ24 ሰዎች ላይ የተደረገ፣ ጥቂት መጠን አልኮል ብቻ የተቀመሰበት አንድ ጥናት ነው። የሐበሻን ሠርግ የሚያህል ፈተና አልቀረበለትም።

የብሬዴንግ ሰው ቤት መሳቢያ ውስጥ ብዙውን ጊዜ ሦስት ነገር ይገኛል፤ ሬሶርብ፣ ትሬዮና አልቬዶን። ሬሶርብ ውሃ ውስጥ የሚሟሟ ጨውና ስኳር ነው። አገር ቤት «ለምለም» ብለን ለተቅማጥ የምናውቀው ዓይነት ማለት ነው፤ የጠፋውን ውሃ ለመመለስ ይረዳል፣ ሀንጎቨሩን ግን አይነቅልም። ትሬዮ አስፕሪንና ካፌይን ነው፤ ራስ ምታቱን ሲያበርድ የተቆጣውን ጨጓራ ያባብሰዋል፤ ቁስለት ላለበት ሰው አይመከርም። አልቬዶን ፓራሲታሞል ነው። አልኮል በብዛትና በየጊዜው የሚወስድ ሰው ጉበት ከፓራሲታሞል ጋር አይስማማም፤ ሰው ደግሞ ሕመሙ ሲጸናበት ከሚፈቀደው በላይ ይውጣል። ስዊድን እንክብሉን በህዳር 2015 ከሱፐርማርኬት አስወጥታ በፋርማሲ ብቻ እንዲሸጥ ያደረገችው ከመጠን በላይ የሚወስዱ ሰዎች ስለበዙ ነው።

የአገራችን ፈውስ ከመድኃኒቱ የሚያንስ አይደለም። ትኩስ ቅቅል ውሃና ጨው ይሰጣል፤ ተልባና አብሽ ጨጓራን ያለሰልሳሉ፤ ጥብስ ፍርፍር የራበውን ያጠግባል፣ የወረደውን የደም ስኳርም ያነሣል። አልኮሉን ግን አንዳቸውም ቶሎ አያስወጡትም። ከመጠጣት በፊት መብላት ነው የሚሠራው፤ ጨጓራ ሞልቶ ሲቆይ አልኮሉ ወደ ደም የሚገባው ቀስ እያለ ነው። ክትፎው መጀመሪያ፣ ጠጁ በኋላ ያሉ አባቶች ሳይንሱን ሳያነቡ ነው የደረሱበት። ስሕተቱ የሚሠራው ፋሲካ ሌሊት ላይ ነው፤ 55 ቀን የጾመ ሰው ቅዳሴ ወጥቶ በባዶ ሆዱ መለኪያ ሲያነሣ። ተልባ ቀድሞ፣ ዶሮ ወጡ ተከትሎ፣ ጠጁ ከዚያ ወዲያ ይምጣ። በመሃልም ስዊድኖች እንደሚሉት ከእያንዳንዱ መጠጥ በኋላ አንድ ብርጭቆ ውሃ ማስከተል፤ ውሃው የተጠጣውን አልኮል ባይቀንስም ቀጣዩን ብርሌ ያዘገየዋል።

ግብጦ አረቄ ለደም ግፊት ይበጃል የሚባለው ግን ከእነዚህ ወገን አይደለም፤ አልኮል ደም ግፊትን ከፍ የሚያደርግ ነገር ነው። ነጭ ሽንኩርት ቢዘፈዘፍበትም፣ ኮሶ ቢገባበትም አረቄ አረቄ ነው።

ስለ አረቄ ከተነሣ የማይታለፍ ነገር አለ። ምንጩ የማይታወቅ፣ ማንም ያልፈረመበት ጠርሙስ ሜታኖል ሊኖረው ይችላል። ሜታኖል በሽታም በጣዕምም ከተራው አልኮል አይለይም፤ በእሳት ለኩሶ በነበልባሉ ቀለም መለየት ይቻላል የሚለው ሙከራም አያድንም። በመስከረም 2001 ከስቶክሆልም ባሕር ማዶ በኢስቶኒያዋ ፔርኑ ከተማ አካባቢ እንዲህ ያለ መጠጥ 68 ሰዎችን ገደለ። በ2012 ቼክ ሪፐብሊክ ውስጥ በአሥሮች የሚቆጠሩ ሞቱ፤ በህዳር 2024 ላኦስ ውስጥ ስድስት ቱሪስቶች አለቁ። ምልክቱ ዘግይቶ ይመጣል፤ ከ12 እስከ 24 ሰዓት በኋላ ሰውየው ዓይኔ ደበዘዘብኝ፣ በረዶ ውስጥ ያለሁ ያህል ነጣብኝ ይላል። ያን ጊዜ ቅቅል አያስፈልግም፣ ወደ ድንገተኛ ጥሪው 112 ይደወላል። በጊዜ ከተደረሰ መርዙን የሚያግድ መድኃኒት በሆስፒታል አለ። ሲቀሰቀስ የማይነቃ፣ ትንፋሹ የዘገየ፣ ከንፈሩ የጠቆረ ሰካራምም እንዲሁ፤ «ይተኛ፣ ይነቃል» ብሎ ብርድ ልብስ አልብሶ መሄድ አይደረግም፤ በጎኑ አስተኝቶ፣ አጠገቡ ሆኖ፣ ያው 112 ነው።

በመጨረሻም ማርከሻ። ጠዋት አንድ ቢራ ወይም አንዲት መለኪያ ወስዶ የሚሻለው ሰው ብዙ ነው፤ የሚሻለው ግን ሕመሙ ስለተላለፈለት እንጂ ስለዳነ አይደለም። እጁ ካልጠጣ የሚንቀጠቀጥ፣ የሚያልበው፣ ልቡ የሚመታ ሰው ደግሞ የያዘው ሀንጎቨር አይደለም፤ አካሉ በመጠጡ ላይ ተመርኩዟል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ሰው ዘመድ ተቆጥቶት ወይም ራሱ ተስሎ በአንድ ቀን ድንገት ቢያቆም የሚጥል በሽታና ቅዠት ሊያመጣበት፣ ሕይወቱንም ሊያሳጣው ይችላል። በሐኪም ክትትል ነው የሚያቆመው። በስቶክሆልም የሱስ ሕክምና ማዕከል ሥር ያለው የሪዳርጋታን 1 ክሊኒክ የተከፈተው ራሳቸውን ሱሰኛ ብለው ለማይጠሩ፣ ሥራ ላላቸው፣ ትንሽ በዛብኝ ለሚሉ ሰዎች ጭምር ነው። የጤና ምክር በ1177 ይገኛል፤ በሕክምናው ቀጠሮ ላይም የአማርኛ አስተርጓሚ መጠየቅ ይቻላል። ጥያቄው ግን ቀጠሮው ሲያዝ ይቅረብ፣ በዕለቱ ከሆነ ላይገኝ ይችላል።